«ማስወገጃውን አይቼዋለሁ» ያልኩበት ቀን

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር ሹፌሩን የሚወቅስ፣ አለቃዬን የሚወቅስ፣ ዝናቡን የሚወቅስ አይጠፋም። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፤ ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐያት እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። በከተማ ፕላን ተመርቄ ሥራ ሳገኝ የደረሰኝ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማትርቅ አንዲት ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ዛሬም ሥራቸው ላይ ናቸው። ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው የተጨናነቀችው። ከገጠር የመጣው፣ ለትምህርት የመጣው፣ እንደ እኔ በምደባ የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ገባባት። ድሮ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ግቢ ዙሪያውን ሰርቪስ ቤት ይሠራበትና ስምንት አባወራ ይኖርበታል። ሽንት ቤቱ ግን ያው አንዱ ነው። እኔም የተከራየሁት እንዲህ ባለ ግቢ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፎጣ ትከሻ ላይ ጥሎ ወረፋ መጠበቅ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የከተማዋን የአሥር ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ እያዘጋጀ ነበር። አረንጓዴ ቦታው፣ የጎርፍ መውረጃው፣ ደረቅ ቆሻሻው ለባልደረቦቼ ሲከፋፈል የፍሳሹ ምዕራፍ ለእኔ ደረሰኝ። በቀላል አማርኛ፣ ከየግቢው ሽንት ቤት የሚመጠጠው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ክፍል ማለት ነው። መልሱ ካርታው ላይ ግልጽ ነበር፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ከዓመታት በፊት የተቆፈረ ማስወገጃ አለ። ካርታውን ቀለም ቀባሁት፤ ሰንጠረዡን ሞላሁ። ከገጹ ግርጌ «በአካል ታይቶ ተረጋግጧል» የሚል መስመር ነበር።

«መኪና ሲገኝ ሄደሽ ታዪዋለሽ፤ ለጊዜው ፈርሚበትና ይለፍ» አለኝ የቡድን መሪያችን አቶ ደረጀ።

መኪና አልተገኘም። እኔም አልጠየቅኩም። ፈረምኩ።

ዕቅዱ ከክልልና ከሌላም ቦታ ለሚመጡ እንግዶች ሐሙስ ዕለት ሊቀርብ ተወሰነ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ አንዲት ሴት ወደ ቢሮዬ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። የላስቲክ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። በእጃቸው ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ይዘዋል።

«የውሃ ነገር የሚያይ ማነው?» አሉ ቆመው።

«ምን ነበር እናቴ?»

ፕላስቲኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ክዳኑን ከፈቱት።

«ጠጪልኝ» አሉኝ።

ሽታው ቀደመኝ። ኃይለኛ አይደለም፤ ግን አለ። ወደኋላ ስል አዩኝ።

«ስመኝ እባላለሁ። ከሾላ ምንጭ ነው የመጣሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሬ። ይህን ከምንጫችን ነው የቀዳሁ። ሦስት ቤት ልጅ ታሟል። ጠጪልኝና ደህና ነው በይኝ፤ እኔም ደህና ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ካርታውን ዘረጋሁላቸው። «እናቴ፣ የከተማው ፍሳሽ በእናንተ በኩል አይመጣም። የሚደፋው እዚህ ነው። ሾላ ምንጭ ደግሞ እዚህ። መሀል ላይ ኮረብታ አለ፤ ይኸው።»

ጎንበስ ብለው ጣቴን እንጂ ካርታውን አላዩም።

«እኔ ወረቀቱን አላውቀውም፤ ሽታውን ግን አውቀዋለሁ» አሉ። «ከላይ ከጥሻው ውስጥ የመኪና ድምፅ እንሰማለን። ከዚያ በማግስቱ ውሃው እንዲህ ይሆናል።»

አቶ ደረጀ ከጎን ክፍል ሰምቶ መጣ። አቤቱታቸው በጽሑፍ እንዲገባ፣ ጉዳዩም ለጤና ጽሕፈት ቤት እንደሚመራ በትህትና ነገራቸውና እስከ በሩ ሸኛቸው። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐሙስን እንለፈው፤ ከዚያ እናየዋለን» አለኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ እዘጋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ። ምሳ አልበላሁም። ለሐሙስ የማቀርበውን ጽሑፍ አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ አሥር ጊዜም «በአካል ታይቶ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ይዘለዋል። ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት። ውሃው በዝናብ ደፍርሶ ይሆናል አልኩ። ከብት ገብቶበት ይሆናል አልኩ። ያሉኝን የመኪና ድምፅ ግን ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ።

ከተማዋ ያላት መጣጭ መኪና አንድ ብቻ ነው። የሚነዳው ጋሽ ዘውዱ ይባላል፤ ሃምሳዎቹን ያገባደደ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ረዳቱ ሥራውን ጥሎ ስለሄደ ቱቦውንም መሪውንም የሚይዘው ራሱ ነበር።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ዛሬ አብሬህ እውላለሁ።»

«ለምን?»

«ለሪፖርት።»

ጫማዬን አየ። «ይሄ ሥራ በዚህ ጫማ አይሆንም» አለና በሩን ከፈተልኝ።

መጀመሪያ የሄድንበት ግቢ የእኔኑ ግቢ ይመስላል። ሰርቪስ ቤት በሰርቪስ ቤት፣ መሀል ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ። ሽንት ቤቱ ሞልቶ መፍሰስ ጀምሯል። ጋሽ ዘውዱ ቱቦውን እየጎተተ አስገባ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ተከራዮቹ ሁሉ አፍንጫቸውን በነጠላና በክንዳቸው ሸፍነው ከየበራቸው ቆሙ። ሲያልቅ የቤቱ ባለቤት «ተመስገን፣ ተገላገልን!» ብለው በሩን ከኋላችን ዘጉት። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም በግቢዬ ሲመጠጥ ጠይቄ አላውቅም።

ሌላ ሁለት ግቢ ደገምን፤ ቦቴው ሞላ። ከአስፋልቱ ወጥተን የኮረኮንቹን መንገድ እንደያዝን ጋሽ ዘውዱ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እዚህ ጋ ባጃጅ ታገኛለሽ። ውረጂ፤ ቀሪው ለሪፖርት የሚሆን ነገር የለውም።»

«እስከ ማስወገጃው እሄዳለሁ።»

መንዳቱን ቀጠለ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የቀኙ የመኪና ጎማ የደጋገመው፣ ወደ ባሕር ዛፍ ጥሻ የሚገባ መንገድ ነው። የግራው ሣር የወረሰው ነው። መኪናውን አቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ማስወገጃውን አይተሽዋል?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ።

«እንግዲያስ ምሪኝ» አለ።

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ካርታውን በቃሌ ለማስታወስ ሞከርኩ። «በግራ» አልኩት። በግራ ሄደ። «አሁንም በግራ» አልኩት፤ የሰው ማሳ ላይ ሊወጣ ሲል አቁሞ ወደኋላ መለሰ። «ቀጥ በል» አልኩት። እያንዳንዱን ውሸቴን እንደ ትእዛዝ እየተቀበለ ይነዳል። ከፍ ዝቅ ባልን ቁጥር ከኋላችን የጫንነው ፈሳሽ ከወዲያ ወዲህ ሲላተም ይሰማኛል። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት መንገዱ አለቀ።

ፊት ለፊታችን ትልቅ ቦረቦር ነበር። ጎርፍ የቆረጠው ገደል፤ ወርዱ እንደ መኪናችን ያሉ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን የሚያቆም፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በላይ። መንገዱ ከወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ከወዲያ ማዶ፣ ርቆ፣ ማስወገጃው የታጠረበት የሲሚንቶ ምሰሶ ይታያል።

«ይኸው ደረስን» አለ ጋሽ ዘውዱ፤ ሞተሩን አጠፋ።

ወረድኩ። ቦረቦሩ ውስጥ በቂጤ ተንሸራትቼ ገባሁ፤ በእጄም በእግሬም ቧጥጬ በማዶ ወጣሁ። ማስወገጃው አለ። ካርታው አልዋሸም። ጉድጓዶቹ በሥርዓት ተቆፍረዋል፤ ግድግዳቸው በድንጋይ ተለብጧል። ውስጣቸው ለምለም ሣር በቅሏል። አንዲት ላም ከነጥጃዋ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ትግጣለች። አንድ ቦቴ እንኳ ደፍቶበት የሚያውቅ አይመስልም፤ ንጹሕ ነበር። ያን ያህል የሚያስፈራ ንጽሕና አይቼ አላውቅም።

ስመለስ ጋሽ ዘውዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ከዚህ በፊትስ?»

«አላየሁትም። ዋሸሁህ።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ቁጣ የለበትም። «መንገዱ ተቆርጧል ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ክረምቱ ይውጣ አሉኝ። ክረምቱ ወጣ፤ ሌላው ገባ። ሰዉ ግን ይደውላል፤ ሞላብን፣ ፈሰሰብን ይላል። የት ልውሰደው?»

«የት ትወስደዋለህ?»

በአገጩ ወደ መጣንበት፣ ወደ ጥሻው አመለከተኝ። «ከዛፉ ሥር። ቁልቁል ነው፤ ወንዝ ይወስደዋል።»

«ሾላ ምንጭ ነው የሚወስደው፤ ሰው ይጠጣዋል። ልጅ ታሟል።»

ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። «እዚያ በኩል የማውቀው ሰው የለም» አለ ቀስ ብሎ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

ሰዓቱ አምስት ተኩል ገደማ ነበር። ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከበስተደቡብ መጥቆር ጀምሯል። መኪናውን አዙረን ለመመለስ ተነሣን። ጋሽ ዘውዱ ወደኋላ ሲል የኋላ ጎማው ከቦረቦሩ ጠርዝ አጠገብ ያለው ልል አፈር ውስጥ ሰመጠ። ነዳጅ ሲሰጠው ይብስ ገባ። መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ያ ሁሉ ፈሳሽ ወደ አንድ ጎን ሲጠራቀም ብረቱ ሲያቃስት ሰማሁ።

ዘሎ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቀ «ግማሹን ማፍሰስ አለብኝ። ካላቀለልኩት ይሄዳል» አለ።

ቦረቦሩን ቁልቁል አየሁ። ሄዶ ሄዶ የሚገባው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ወደ ሾላ ምንጭ። ኮረብታ ብዬ የቀባሁት በዚህ በኩል የለም፤ ቦረቦሩ ቆርጦታል።

«አትክፈተው።»

«ልጄ፣ እኔን ማስቆም ትችያለሽ። ጎማውን ግን አታስቆሚውም።»

ጉብታው ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ፈልጌ አቶ ደረጀ ጋ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

«ያፍስሰው!» አለኝ። «መኪናው ቢገለበጥ ማን ሊጠየቅ ነው? ነገ እንግዳ አለብን፣ ሐያት! አንቺስ እዚያ ማን ላከሽ?»

«ሰው ይጠጣዋል እኮ።»

«እስከ ዛሬም ሲፈስ ነበር ትያለሽ፤ የዛሬው በምን ይለያል?»

ልዩነቱ ዛሬ እኔ ማየቴ ብቻ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

«ጋሽ ዘውዱ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ። ሰው አመጣለሁ።»

«እኔ እሰጥሻለሁ፤ ዝናቡን እንጃ» አለ። የቦቴውን መክፈቻ ቫልቭ ግን አልነካውም። ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ።

ቁልቁል ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል ግማሹን መንገድ ወድቄያለሁ። ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም፤ የገዛ ውሃቸውን ያበላሸውን መኪና ከገደል አውጡልን ልላቸው ነው። ቤቶቹ ሲታዩኝ ተመልሼ ልሂድ ሁሉ ብዬ ነበር።

ወይዘሮ ስመኝን ያገኘኋቸው ደጃቸው ላይ ጎተራ በጭቃ ሲመርጉ ነው። እስከ ክንዳቸው ጭቃ ናቸው። እኔም እስከ አንገቴ።

«እናቴ፣ ልክ ነበሩ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትንፋሽ እያጠረኝ፣ እያስተካከልኩ።

ተናግሬ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ አጥሩ ጋ ሄደው ተጣሩ። «እንተ ይስማው! ኸረ እናንተ ሰዎች! ዶማ ያላችሁ ዶማ፣ አካፋ ያላችሁ አካፋ!»

አሥራ አምስት ያህል ሰው ሆነን ወጣን። ዶማና አካፋ የያዘ አለ፤ ዱላ ብቻ የያዘም አለ። መኪናው እንደታየ ከፊት የነበረው አያ ይስማው የሚባለው ረጅም ገበሬ ሩጫ ጀመረ። ጋሽ ዘውዱ ከጎማው ሥር ቀና ሲል ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

«ይሄ ነው! ድምፁን የምንሰማው ይሄ ነው!»

ዱላ ተነሣ። ጋሽ ዘውዱ አልተከላከለም፤ እጁን እንኳ አላነሣም። መሀላቸው ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም።

«እሱ መንገዱ መቆረጡን ተናግሯል! አልሰሙትም!» ብዬ ጮኽኩ። «ቦታውን አይቼዋለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም። ዛሬ ነው ያየሁት።»

የተነሣው ዱላ ወረደ። ከኋላ ጥቁር የለበሰች፣ ጸጉሯን የተላጨች አንዲት ወጣት ሴት ዶማ ተደግፋ ቆማለች። እየጮኸች አይደለም የተናገረችው።

«ብታዪው ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ።



ወይዘሮ ስመኝ ሰማዩን አዩ። «ጠቡ የትም አይሄድብንም። ዝናቡ ግን መጣ። ልቀቀው ይስማው፤ የት እንደሚቆፈር ንገረን።»

በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ከተማርኩት ይበልጥ የተማርኩት በቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ነው። አያ ይስማውን ጎርፉ በየት በየት እንደሚወርድ ጠየቅኩት። ኮሌታውን ለቆ፣ ፊቱ እንደተኮሳተረ፣ በእግሩ እየረገጠ አሳየኝ። ከዚህች ድንጋይ ወዲህ የሚዘንበው ወደ ምንጩ ይወርዳል። ከጉብታው ወዲያ ግን መሬቱ ሜዳ ነው፤ የራሱ የባሕር ዛፍ ማሳ ነው፤ ውሃ እዚያው ይሰርጋል እንጂ አይሄድም። ምንጩም ከዚያ በጣም ይርቃል። ጋሽ ዘውዱ ቱቦውን በዓይኑ ለካ። «ሁለቱን ቱቦ ብቀጥላቸው ይደርሳል» አለ።

«የኔን ዛፍ ሥር ቆፍሩ» አለ አያ ይስማው። «ለዛፍ ምን አለበት።»

ቆፈርን። ወንዶቹ ጉድጓዱን፣ እኔና ሴቶቹ ደግሞ ከጉድጓዱ በላይ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ። ጥቁር የለበሰችው ሴት ከጎኔ ነበረች። ዶማዋን ከወንዶቹ እኩል ታነሣለች። ለአፍታ ራቅ ስትል ወይዘሮ ስመኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይርገዱ ናት። ሕፃኗን ከቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

«ከሦስቱ ቤት አንዱ…»

«አንዱ የሷ ነው፤ ቢሮሽ ስመጣ መሞቱን አልነገርኩሽም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቀና አላልኩም። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፤ ፈነዳ፤ የዶማው እጀታ ላይ ደም ታየ። ማረፍ የሚባል ነገር አሳፈረኝ።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ጋሽ ዘውዱ ቫልቩን ከፈተ። ቱቦው ተወጠረ፤ ጉድጓዱ መሙላት ጀመረ። ሁላችንም የቦቴውን ጎማ እናያለን። አንድ ጊዜ መኪናው ተንቀጠቀጠና አንዱ ድንጋይ ተፈናጥሮ ገደል ገባ፤ ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ። ጋሽ ዘውዱ ጀርባውን ብረቱ ላይ አስደግፎ ቆመ፤ በጀርባው ሊያቆመው ይመስል። ፈሳሹ እያነሰ ሲሄድ መኪናው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ሴቶቹ ከየቤታቸው አመድ በቅርጫት አመጡ። አመድና አፈር እያፈራረቅን ከደንነው። ዝናቡ የዚያን ጊዜ ነው ወርዶ የጣለብን። ማንም አልተጠለለም። ሁላችንም ቦይዋ ላይ ቆመን ጎርፉ ሲመጣ እናያለን። ደፍርሶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ቁልቁል መጣ። ቦይዋ ጋ ደረሰ፤ ለጥቂት ጊዜ ያዘችው፤ ጠርዟን ሊሻገር ደረሰ። ይርገዱ በእግሯ አፈር እየገፋች ጠርዙን ከፍ አደረገችው። ውሃው ዞረ። ወደ ሜዳው ሄደ።

አንድም ሰው አልጨበጨበም። አያ ይስማው ብቻ «እሰይ» አለ፤ በቀስታ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎማው ሥር ጎዝጉዘን፣ በትከሻችን ገፍተን፣ መኪናውን ስናወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። አቶ ደረጀ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። የተፋፋቀ እጄን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር።

«ሐያትዬ፣ የትላንቱ አለፈ። ዛሬ የተጻፈውን አንብቢና ውረጂ። ከዚያ በኋላ መንገዱን አብረን እናሠራለን፤ ቃሌ ነው።»

ላነበው አስቤ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ቀለም የቀባሁት ካርታ ግድግዳው ላይ ሲበራ ግን ወረቀቴን አጠፍኩት። ሰዉ ጠበቀ። አንዱ ሳለ።

«ይህ ገጽ ትክክል አይደለም» አልኩ። «ቦታውን ሳላየው ነው የፈረምኩት። ትላንት አየሁት። መኪና አይደርስበትም።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ «ታዲያ አሁን ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ጥሻውን፣ ቦረቦሩን፣ ሾላ ምንጭን። ሴትዮዋ ማስታወሻቸውን ዘግተው «ከሰዓት ሄደን እንየው» አሉ። ሄዱ። በዚያ ጭቃ ውስጥ የከተማ ጫማ ያደረገ ሰው ሁሉ ቦረቦሩ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ቆሞ አየሁ።

ውጤቱን ልንገራችሁ፤ ተረት እንዳይመስላችሁ ሁሉንም ነው የምነግራችሁ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኝ ነበር። ከዕቅድ ቡድኑ ወጥቼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ጋሽ ዘውዱ ከሥራ ታገደ፤ ግን መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ስላልተገኘና ግቢዎች መሙላታቸውን ስላላቆሙ ሳይቆይ ተመለሰ። በዚያ ክረምት ከገበሬዎቹ ጋር በተደረገ ስምምነት ፍሳሹ በአያ ይስማው ማሳና በጎረቤቱ ሜዳ ላይ በየተራ እየተቆፈረ ተቀበረ። በጋ ሲገባ ቦረቦሩ ላይ የድንጋይ መሻገሪያ ተሠራ። የሾላ ምንጭ ተጠርጎ፣ ታጥሮ፣ ውሃው በየጊዜው ይመረመራል። ከተማዋ ግን ማደጓን አላቆመችም፤ እነዚያም ጉድጓዶች አንድ ቀን ይሞላሉ። እኔም በኋላ ወደ ሌላ አነስ ያለች ወረዳ ተዛወርኩ። ዛሬም ዕቅድ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ ዝግተኛ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን በእግሬ የምሄድበት ጊዜ አለ።

ይህን የምታነቡ የከተማ ሰዎች ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ ናችሁ። ቧንቧውን ትከፍታላችሁ፤ ቆሻሻውን በር ላይ ታወጣላችሁ፤ መኪናው ሲሄድ በሩን ትዘጋላችሁ። አልወቅሳችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ደግሞ ሄዶ አይቶት እንደሆነ ጠይቁት። ሲመልስ ዓይኑን እዩት።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ሰላም አገኘሁ ማለት አልችልም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ስመኝን ይዤ ይርገዱ ቤት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ከተማ ውስጥ የሰሙ ሰዎች «ምን ቤት ነኝ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ ጉድ ይፈላብሻል» ብለውኝ ነበር። ይርገዱ መደብ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ስመኝ ወደ ውጭ ወጣ እንዳሉ ጠየቀችኝ።

«ውሃው ነው?»

ሐኪም አልመረመረውም። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ደካማ ነበር ይባላል። ሌሎቹ ሁለት የታመሙት ሕፃናት ደብረ ማርቆስ ታክመው ድነዋል። ነው ማለትም፣ አይደለም ማለትም እችል ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።



«ቄሱ የእግዜር ፈቃድ ነው አሉኝ። ጎረቤት ዓይን ነው አለኝ። ከከተማ የመጣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ውሃው አይደለም ብሎ ምሎልኝ ሄደ» አለች። «አላውቅም ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልሄድ ስነሣ እስከ ደጁ ሸኘችኝ።

«እንግዲህ እስክታውቂ ተመላለሺ» አለችኝ።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሚኒባስ ይዤ፣ ቀሪውን በእግሬ፣ እሄዳለሁ። ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ አሁን ይሮጣል። ደጁ ላይ ስታየኝ እስካሁን ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እስካሁን ያንኑ እመልስላታለሁ።